ሲሊኮኑን ተወው፤ ጋስኬቱን በደረቁ ግጠም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ያገለገለ ጀልባ ገዝተህ የመርክሩዘር አልፋ ዋን ድራይቩን (ከጀልባው ኋላ ተሰቅሎ ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ክፍል) አውርደሃል። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክሉትን ጎማዎች ቀይረሃል። አሁን ልትመልሰው ስትል «ጋስኬቱ ላይ ሲሊኮን ልቀባ ወይስ በደረቁ ልግጠመው?» ብለሃል፤ በድራይቩና በጀልባው መሃል የሚገባውን ስስ መዝጊያ ማለትህ ነው። በደረቁ ግጠም። ይህን ለማወቅ የከፈልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው፤ አንተ በነጻ ውሰደው።

ስለ ማውረዱ አላወራም። ካወረድከው ታውቀዋለህ።

1. ድራይቩና ጀልባው የሚገናኙበትን ፊት አጽዳ። የድሮውን ጋስኬት ቅሪት በካቻቪቴ አትፋቀው። አልሙኒየም ለስላሳ ነው፤ አንድ ጭረት ለውሃ በቂ መንገድ ነው። በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ እያልክ አንሳው፣ በመጨረሻም በአሴቶን ጥረገው።

2. ጋስኬቱ አዲስ ይሁን። አብረውት የሚመጡትን ትንንሽ ጎማዎችም ቀይር፤ በተለይ የውሃ መተላለፊያውን የምትዘጋዋን። «ገና ደህና ናት» የሚባል ነገር የለም። ሲሊኮን ግን ጠብ እንዳይል! ይሄ ጋስኬት የሚዘጋው ተጨፍልቆ ነው። ሲሊኮን ስትቀባው ይንሸራተታል። ዳዶውን ባጠበቅክ ቁጥር ከቦታው ይወጣል፤ የተረፈው ሲሊኮን ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ይህን ያየሁት በራሴ ጀልባ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቼሳፒክ ዳር ላለ አንድ ጋራዥ ሰጠሁት። ጸደይ ላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጀልባውን ውሃ ውስጥ ለመክተት ይሯሯጣል፣ እኔም በሥራ ቀን ጊዜ የለኝም። ሲመልሱልኝ ከውጭ ያምራል። ውሃ ላይ ወጥቼ ጋዝ ስሰጠው የሙቀት መርፌው ሽቅብ ወጣ። ተመልሼ ሄድኩ። ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ጌጁ ይሆናል» አለኝ። ጌጅና ሴንሰር ቀየሩ፣ አስከፈሉኝ። አሁንም ይሞቃል። «ጀልባህ አሮጌ ነው፤ ምን ጠብቀህ ነው?» አሉኝ ጭራሽ!

እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። እልህ ያዘኝና ቤት ወስጄ ራሴ ፈታሁት። ጋስኬቱ በአንድ ጎኑ ተንሸራቶ የውሃውን ቀዳዳ ግማሹን ሸፍኖታል። ዙሪያውን ሰማያዊ ሲሊኮን። ከድራይቩ የመጣው ውሃ ሞተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመሪ ዘይት ማቀዝቀዣው ያልፋል፤ ቱቦውን ስነቅል አፉ ላይ እንደ ታኘከ ማስቲካ የተጠቀለለ ሲሊኮን ተወትፏል። በፒንሳ ነበር የሳብኩት። በተከፈተው በኩል ደግሞ ውሃ ወደ ቤሎውሱ (እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው የጎማ ሽፋን) ገብቶ ውስጡ ያለውን ክሮቼራ፣ ማለትም የዘንጉን ተጣጣፊ መገጣጠሚያ፣ አዝጎታል፤ ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር ያጉረመርማል። ሁሉንም ፎቶ አንስቼ ወሰድኩላቸው። ኃላፊው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተ ስለፈታኸው ዋስትናው ተሰርዟል።» ክሮቼራውም ኩሽኔታውም ከኪሴ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ድራይቤን ከእኔ በቀር የነካው የለም፤ አንዲት ጠብታም አላስገባም።

ቁጥሩን ትተን እንቀጥል። ማጣበቂያ ሁሉ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። ክሮቼራውን የሚሸፍነው ቤሎውስ የራሱ ማጣበቂያ አለው። ከንፈሩ ላይ ቀብተህ 10 ደቂቃ ያህል ተወው፤ በጣት ስትነካው ያዝ ሲያደርግ ግጠመው። እርጥብ እያለ ከገጠምከው ይሾልካል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። ይሄ ጎማ ከተቀደደ ጀልባ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ርካሽ ብለህ የማይታወቅ ዕቃ አትግዛ።

ድራይቩን ከመስቀልህ በፊት የሞተሩን መስመር በማስተካከያ ዘንጉ ፈትሽ። ዘንጉ በእጅ ያለ ትግል መግባት አለበት። በመዶሻ ካልሆነ አልገባም ካለ የሞተሩ የፊት እግሮች ከፍታ ይስተካከል፤ አለዚያ አዲሱን ኩሽኔታም ይበላዋል። የድራይቩ ዘንግ ኦሪንጎች (ክብ የጎማ ቀለበቶች) አዲስ ይሁኑ፣ ግራሶ ቀባቸው። አልፋ ስለሆነ ድራይቩም የጀልባው ማርሽ እጀታም ወደፊት ላይ ይሁኑ። ብራቮ የሚባለው ሌላው የመርክሩዘር ድራይቭ ያለው ጓደኛህ «ዜሮ ላይ ነው» ቢልህ እሱ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። 6ቱን ዳዶዎች በመስቀለኛ፣ በየተራ፣ ደረጃ በደረጃ አጥብቅ። መጨረሻው 50 ፉት ፓውንድ ነው። በቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ) እንጂ በጉልበት አይደለም። ድራይቩን በዳዶ እየሳብክ አታስገባው፤ አልጠጋ ካለ የሆነ ቦታ አልገጠመም ማለት ነው፣ አውጥተህ እየው።

የማርሽ ዘይቱን ከታች ሙላ፤ ከላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ። የሁለቱም ብሎኖች ቀለበት አዲስ ይሁን። ቤት ውስጥ በአትክልት ቧንቧ ውሃ ሳትሰጠው ግን ሞተሩን አታስነሳ፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ በደረቁ ወዲያው ይቃጠላል።

ውሃ ውስጥ ስታስገባው ከትሬለሩ አትፍታው። ሞተሩ ሥር በባትሪ መብራት እያየህ ትንሽ ቆይ። ደረቅ ከሆነ ሂድ። ከድራይቩ ጋር የተገናኘ የማርሽ ዘይት ጠርሙስ ካለህ መጀመሪያ አየር ስለሚወጣ ትንሽ ይወርዳል፤ ሞልተኸው ደጋግሞ ከወረደ የሚያፈስ አለ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቷልና መንዳቱን አቁም።

ፊቱን አጽድተህ ስትጨርስ፣ ጋስኬቱን ሳታስቀምጥ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው። አይቼ እነግርሃለሁ።