በምግብ ማድረቂያ ውስጥ የጎበጠው ክንፍና አልደርቅ ያለው ጥቁር ቀለም

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንባቢ በ1/72 ልኬት የዲሲ-3 አውሮፕላን ሞዴል እየሠሩ ነው። አካሉን የተወለወለ ብረት ለማስመሰል መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ኤናሜል በኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ መሣሪያ) ረጩበት፤ ቶሎ እንዲደርቅም ባለቤታቸው ቋንጣ በሚያደርቁበት ክብ የምግብ ማድረቂያ ውስጥ ወዲያውኑ አስገብተው ሦስት ሰዓት አቆዩት። ሲያወጡት የግራው ክንፍ ጫፍ ጎብጧል፣ በቀለሙ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ እብጠቶች ወጥተዋል፣ ከአራት ቀን በኋላም ጣት ሲያርፍበት አሻራ ይይዛል። አንድ ወዳጃቸው “ሌላ ቀለም ደርብበት፣ ይሸፍነዋል” ብለዋቸው ሁለተኛ ጥቁር፣ በላዩም ብርማ ላከር ረጩበት፤ ብርማው ቀለም ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። “የገዛሁት ቀለም የተበላሸ ይሆን?” ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ቀለሙ ደህና ይመስለኛል። እኔ የምጠረጥረው ሙቀቱን፣ አቀማመጡንና ችኮላውን ነው። የእውነተኛው ዲሲ-3 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1/72 ልኬት 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የተለመዱት ክብ ማድረቂያዎች ደግሞ ስፋታቸው ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ሞዴሉን አጋድመው እንዳስገቡት፣ ክብደቱም በግራው ክንፍ ጫፍ ላይ እንዳረፈ፣ ያም ጫፍ ሬዚስታንሱ (የሚግለው የማሞቂያ ሽቦ) ወዳለበት ወደ ታችኛው ክፍል የቀረበው እንደሆነ እገምታለሁ። ቀለሙ ቢበላሽ ኖሮ ክንፉን አያጎብጠውም ነበር።

ወደ ጥገናው ከመግባቴ በፊት አጥብቄ የማሳስብዎ ነገር አለ። ይህ ማድረቂያ ከእንግዲህ ቋንጣ አይደረቅበትም። ከቀለሙ የሚወጣው ተን በማራገቢያው፣ በክዳኑና በወንፊቶቹ ላይ ያርፋል፣ ፕላስቲኩም ይመጠዋል፤ በሳሙና ማጠብም ለምግብ የሚበቃ አያደርገውም። ዛሬውኑ በላዩ ላይ “ለቀለም ብቻ” ብለው ይጻፉበትና ከወጥ ቤት ያውጡት።

አሁን ሙቀቱን እንለካ። ባዶውን ማሽን ያብሩና ሞዴሉ ተቀምጦበት በነበረው ቦታ የምድጃ ቴርሞሜትር አስቀምጠው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንብቡ። ለፍራፍሬ 57 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለሥጋ 71 ዲግሪ ገደማ የተለመደ ነው፤ የእርስዎም ማሽን ለቋንጣ ከተሞላበት ቁጥር እንዳልወረደ እርግጠኛ ነኝ ለማለት ጥቂት ነው የቀረኝ። የሞዴሉ ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪን፣ በዚህ ሙቀት አይቀልጥም፤ ነገር ግን ስስ ክፍሉ ክብደት ተሸክሞ ለሰዓታት ሲሞቅ ይለምጣል። እኔ በ40 ዲግሪ እሠራለሁ፣ ከ45 አላልፍም። ብዙዎቹ ርካሽ ማድረቂያዎች ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚባል ነገር የላቸውም፤ አንዳንዶቹም ቁጥር የተጻፈበት መዘውር ተለጥፎባቸው ከውስጥ ግን ቁጥሩን የሚያከብር ምንም ነገር የለም። ሰው ያለ ቴርሞስታት ማሽን እየተሸጠለት በ60 ዶላር ተገጣጣሚ ሞዴል ላይ መፍረዱ ያሳዝነኛል።

ጥቁሩ ለምን አልደርቅ እንዳለ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን ችግር ከመፈጠሩ በፊት ያስቀረዋልና። አክሪሊክ ውሃው፣ ላከር ማቅጠኛው ሲተን ይደርቃሉ። ኤናሜል ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚደርቀው። መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተናል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ በእጅ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል። ከዚያ በኋላ በውስጡ ያለው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ እውነተኛው ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ እሱም ቀናትን ይፈልጋል። ኦክስጅን የሚገባው ከላይ ስለሆነ የሚጠነክረውም ከላይ ጀምሮ ነው። ወተት ተጥዶ ሲሞቅ በላዩ ላይ የሚሠራውን ስልባቦት ያስቡት፤ ከሥሩ ያለው ገና ፈሳሽ ነው። እርስዎ ገና የተረጨውን ቀለም ወደ ኃይለኛ ሙቀት ሲያስገቡት ስልባቦቱ ፈጥኖ ተዘጋ፣ ከሥር የቀረው ማቅጠኛ መውጫ አጥቶ ገፋው፤ ጤፍ የሚያካክሉት እብጠቶች እነዚያ ናቸው። ሁለተኛው ጥቁር ደግሞ ሌላ ክዳን ደፋበት። ብርማው ላከር ፈጥኖ ደርቆ ሲኮማተር ከሥሩ ያለው ለስላሳ ቀለም ስለሚንሸራተት ተሰነጣጠቀ። ልከኛ ሙቀት ማቅጠኛው ከወጣ በኋላ ሲመጣ ግን ይህንኑ የኦክስጅን ሥራ ያፋጥነዋል፤ የማድረቂያው ጥቅምም ይኸው ነው።

የወዳጅዎ ምክር ከቅንነት እንደመጣ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ያልደረቀ ቀለም ላይ ቀለም መደረብን ያህል ሥራ የሚያበዛ ጥገና አላውቅም። በዚህ ደረጃ ብርጭቆ ወረቀት አያድንዎትም፣ ወረቀቱን ይደፍነዋል እንጂ። ሁሉንም ያውርዱት። የሞዴሉን መስኮቶች በሚገባ ይሸፍኑ፣ ጓንት ያድርጉ፣ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በነካ የጥጥ ጨርቅ እያሻሹ ጥቁሩን ያለስልሱት፤ ብርማውም አብሮ ይነሣል። በመገጣጠሚያዎቹ መስመር የቀረውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያውጡ። አሴቶንም ሆነ የመኪና ቀለም ቲነር እንዳያስነኩት፣ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሙታልና። ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው አንድ ሌሊት ይተዉት።

ክንፉ ይመለሳል። በዲሲ-3 ላይ የመሃሉ ክፍል አግድም ቀጥ ያለ ሲሆን ከሞተሮቹ ወዲያ ያለው ወደ ላይ ያቀናል፤ ስለዚህ “ቀጥ ላድርገው” ብለው እንዳይሳሳቱ። የቀኙን ክንፍ ቅርጽ በካርቶን ላይ አንሥተው ይቁረጡና ገልብጠው ለግራው መለኪያ ያድርጉት። 70 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ የጎበጠውን ጫፍ ብቻ 20 ሰከንድ ነክረው በጣትዎ በቀስታ ያንሡት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት፣ በካርቶኑ ይለኩ። በአንድ ጊዜ አይመለስም፤ አራት አምስት ዙር ይወስዳል። በ1938 ዓ.ም. የአየር መንገዳችንን በረራ የጀመረው ሲ-47 የዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት ነውና ክንፉ እንደጎበጠ መደርደሪያ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም።

ድጋሚ ሲረጩ ጥቁሩን በሦስት ስስ ዙር ያድርጉት፣ በየዙሩም መሃል 20 ደቂቃ ይታገሡ። ለመፈተኛ እንዲሆንዎም አብረው አንድ የፕላስቲክ ማንኪያ ይርጩ። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ሞዴሉን አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ቢያንስ አንድ ሰዓት ከማሽኑ ውጭ ያቆዩት። የማቅጠኛ ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ በእርስዎ ዓይነት ማሽን ደግሞ ታች ያለው የጋለው ሬዚስታንስ ነው። እርጥብ ቀለም ማስገባት እሳት መጋበዝ ነው።

ሞዴሉ በሙሉ ክብ ማሽንዎ ውስጥ አይበቃምና በግድ አያስገቡት። የፊት በር ያለውና ወንፊቶቹ የሚወጡለት፣ ውስጡ ከ42 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ማድረቂያ ካገኙ ሞዴሉ በሆዱ ላይ እንዲያርፍ፣ ክንፉ ምንም እንዳይነካ አድርገው በ40 ዲግሪ አንድ ሙሉ ቀን ያቆዩት። ካላገኙ አቧራ በማይገባበት ሣጥን በክፍል ሙቀት አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ክቡ ማሽን ለፕሮፔለር፣ ለጎማና ለሞተር ክዳን ያገልግልዎ፤ ለቋንጣ ግን፣ እደግመዋለሁ፣ ታጥቦም ቢሆን አይመለስም። በሚቀጥለው ሞዴል ክንፎቹን ከመለጠፍዎ በፊት ለየብቻ ያድርቋቸው።

የቀለሙን መድረቅ በሞዴሉ ላይ አይፈትኑ፣ ማንኪያውን ያሽትቱት። ቀለም ቀለም የሚሸት ከሆነ ገና ነው። ሽታው ሲጠፋና ጥፍርዎን ሲጫኑት ምልክት ሳይቀር ሲቀር ብርማውን በማንኪያው ላይ በስሱ ይርጩና እስከ ማግስቱ ይዩት፤ ካልተሰነጠቀ አውሮፕላኑን ይርጩ።