የጨረታው ሰነድ ቁጥር ለምን ተዘበራረቀ?

ከድሬዳዋ ሳቢያን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ለሰነድ ዝግጅት ሠራተኛነት በተወዳደርሽበት የተግባር ፈተና ላይ ፈታኙ በጨረታ ሰነዱ መካከል አንድ አንቀጽ እንድትጨምሪ ሲያዝሽ፣ ከዚያ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ እንደተዘበራረቀና አንድ በአንድ ስታርሚ ሰዓቱ እንዳለቀብሽ ነግረሽኛል። ጥያቄሽም «ሌላ የኮምፒውተር ሰርተፍኬት ልያዝ ወይ?» የሚል ነው።

አትያዢ፤ ገንዘብሽን አስቀምጪ። ፈታኙ የጽሕፈት ፍጥነትሽን አልፈተነም። ሊያይ የፈለገው ሰነድሽ ለውጥ ይችል እንደሆነ ነው።

በቁልፍ ሰሌዳ ራስሽ የጻፍሽውን ቁጥር ማይክሮሶፍት ወርድ (የጽሕፈት ፕሮግራሙ) እንደ ማንኛውም ፊደል ያየዋል፤ ከላይ ምን እንደተጨመረ አያውቅም። ከሌላ ሰነድ ቀድተሽ ስትለጥፊ ደግሞ የዚያ ሰነድ አቆጣጠር ተከትሎ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ቁጥሩን ከርዕስ ስታይል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለርዕስ ካዘጋጀው የአጻጻፍ ቅርጽ፣ ጋር ማሰር ነው። «ሆም» ውስጥ «መልቲሌቭል ሊስት» የሚለውን ተጭነሽ፣ ከናሙናዎቹ መካከል ከቁጥሩ ጎን «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» የሚል ያለበትን ምረጪ። ከዚያ ዋናውን አንቀጽ ሄዲንግ 1፣ ንዑሱን ሄዲንግ 2 ስታደርጊ ቁጥሩ ራሱ ይመጣል። ፕሮግራሙ እስከ 9 እርከን ይፈቅዳል፤ ከአራት በላይ የሚፈልግ ውል ግን፣ በእኔ ግምት፣ ችግሩ ከጸሐፊው ሳይሆን ከአርቃቂው ነው።

ለመለማመጃ በ1987 ዓ.ም የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ውሰጂ። 11 ምዕራፍና 106 አንቀጽ አለው፤ አቆጣጠሩም ለተማሪ የተዘጋጀ ይመስላል። ምዕራፍ አንድ በአንቀጽ 7 ያበቃል፤ ምዕራፍ ሁለት ወደ 1 ሳይመለስ ከአንቀጽ 8 ይቀጥላል። ንዑስ አንቀጾቹ ግን በየአንቀጹ ከ1 ይጀምራሉ። ምዕራፉን አንደኛ፣ አንቀጹን ሁለተኛ፣ ንዑሱን ሦስተኛ እርከን አድርጊ። እዚያው «መልቲሌቭል ሊስት» ሥር ያለው «ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት» ውስጥ ገብተሽ «ሞር» የሚለውን ስትጫኚ «ሪስታርት ሊስት አፍተር» የሚል ምልክት ታያለሽ፤ ለሁለተኛው እርከን አጥፊው፣ ለሦስተኛው ተዪው። ከአንቀጹ ቁጥር ፊት የተደረበውን የምዕራፍ ቁጥር ሰርዘሽ በቦታው «አንቀጽ» ብለሽ ጻፊ። የአንቀጹን የራሱን፣ ግራጫ ጥላ ያለበትን ቁጥር ግን አትንኪ። እሱን አጥፍተሽ በእጅሽ 1 ብትጽፊ 106ቱም «አንቀጽ 1» ይሆናሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። «በአንቀጽ 9 እንደተደነገገው» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥምሽ «በ» ብቻ ጽፈሽ ቀሪውን «ሪፈረንስስ» ውስጥ ባለው «ክሮስ ሪፈረንስ» (ወደ ሌላ አንቀጽ የሚመራ ጥቅስ ማስገቢያ) አስገቢ፤ የአንቀጹን ቁጥር እንዲያመጣ «ፓራግራፍ ነምበር» ምረጪ። በኋላ አንቀጽ ቢጨመር ኮንትሮልና ኤ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9 ስትጫኚ ጥቅሱ ሁሉ ይስተካከላል። ውል ውስጥ ወደ ተሳሳተ አንቀጽ የሚመራ ጥቅስ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ቀጣሪዎች ይህን ያውቃሉ።

በከተማሽ ደረቅ ወደቡ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና በ2014 ዓ.ም የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና አሉ። በዙሪያቸው የሚሠሩ ዕቃ አስተላላፊዎችና ተቋራጮች ውልና የጨረታ ሰነድ ሲያገላብጡ ነው የሚውሉት። ከማመልከቻሽ ላይ «ኮምፒውተር እችላለሁ» የሚለውን አውጪና «ባለብዙ እርከን ቁጥር ያላቸውን ውሎችና የጨረታ ሰነዶች ከነማውጫቸው አዘጋጃለሁ» ብለሽ ጻፊ። የተለማመድሽበትንም ፋይል በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ፈታኙ ከፈቀደ እፊቱ ክፈችና አንድ አንቀጽ መሃል ላይ ጨምሪበት።