ላይትሩም፣ ፎቶሾፕ ወይስ ነፃው?

እህቴ፣ ካኖን ካሜራ ገዝተሽ በ8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ሰርግና ክርስትና ልትሠሪ ነው። ፎቶ ለማስተካከል «ላይትሩም ክራክ ላስጭን ወይስ ፎቶሾፕ ይበቃኛል?» ብለሻል። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የገጠመኝን ልንገርሽ።

ክራኩን፣ ማለትም ሳይከፈልበት ተሰብሮ የሚጫነውን፣ እርሺው። አንድ ልጅ በፍላሽ ሰጥቶኝ ጫንኩ። በሁለተኛው ሳምንት የፋይሎቼ ስም ሁሉ ተቀይሮ አንከፈትም አሉ። የሰው ክርስትና ነበረበት! ደግነቱ የካሜራውን ካርድ ገና አላጠፋሁትም ነበር። እናትየዋ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ፎቶሾፕ ከሙሽራዋ ጀርባ የቆመውን የመብራት ምሰሶ ለማጥፋት ወደር የለውም። ከሰርግ 1500 ፎቶ ይዘሽ ስትገቢ ግን ሥራው ሌላ ነው። ትመርጫለሽ፣ አንዱን ታስተካክያለሽ፣ ያንኑ ለ200ው ትገለብጫለሽ። ላይትሩም የተሠራው ለዚህ ነው። በ2007 ሲወጣ አንዴ ከገዙት የራስ ነበር፤ ዛሬ ግን በየወሩ በዶላር ነው። ለጀማሪ አይመከርም።

ዳርክቴብል የሚባለው ሶፍትዌር ይህንኑ ሥራ በነፃ ይሠራል። አንዴ ከጫንሽው ኢንተርኔት አይፈልግም፤ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎት ስለሚሄድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋናውን ፎቶም አይነካብሽም፤ ያደረግሽውን ለውጥ አጠገቡ በትንሽ ፋይል ያስቀምጠዋል። ችግሩ ቁልፉ መብዛቱ። እኔ ራሴ ተናድጄ ሁለቴ አጥፍቼዋለሁ። እስክትለምጂው የካኖንን የራሱን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል ሞክሪ፤ ነፃ ነው። በ8 ጊጋ ራም ስትሠሪ ደግሞ ብሮውዘርሽን ዝጊ።

ከሶፍትዌሩ በፊት ግን ካሜራሽን ሮው ላይ አድርጊው፤ ሮው ማለት ካሜራው ያየውን ገና ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። ሰማያዊ ሸራ ድንኳን ውስጥ ያነሳሻቸውን ሰዎች አስቢ፤ ፊታቸው ሁሉ ሰማያዊ ነው። ጄፔግ፣ ካሜራው ራሱ አቀናብሮና ጨምቆ የሚሰጥሽ ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል። 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። ጄፔጉን ስታስተካክይው ቆዳው ይጎረብጣል፣ ቦታ ቦታ ቢጫ ይሆናል። ሮው ከሆነ ግን ዋይት ባላንስ (የቀለም ማመጣጠኛው) ላይ ገብተሽ የነጠላውን ነጭ ጠቅ ስታደርጊ ፊቱ ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል። ፀሐይ ያቃጠለውን የነጠላ ክፍል ግን አትምረጪ፤ እዚያ የቀረ ቀለም የለም። ሮው ቦታ ይበላል፤ ትርፍ ሃርድ ዲስክ ያስፈልግሻል።

አልበም ከማዘዝሽ በፊት ደግሞ ሦስት ፎቶ ብቻ አሳጥበሽ ከስክሪንሽ ጋር አስተያዪ። የእኔ የመጀመሪያ አልበም ጠቁሮ ነው የመጣው። ሶፍትዌሩን ስረግም ከረምኩ። ለካ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ስክሪኑን እስከ መጨረሻ አድምቄ ነበር ኤዲት ያደረግኩት።