አጎትህ .30-06ታቸውን ይዘው ይምጡ፤ ወረቀቱን ግን አንተ አንብበው

ወንድም፣ ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ብርሃን ነህ፤ አጎትህ ከውጭ መጥተው በፈቃድ የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ነው፤ አንተም አብረሃቸው ትወጣለህ። እጃቸው ላይ .30-06 የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ አለ፤ አንድ ሰው ደግሞ «ይሄማ አይጥልም፣ ከሱ የሚከብደውን .375 ኤች ኤንድ ኤች ይግዙ» ብሎ አወዛግቧቸዋል። አይግዙ። ያላቸው ጠመንጃ ይበቃል። አደን የሚበላሸው በካሊበር (በጥይቱ ልክ) ማነስ አይደለም፤ ወረቀት ላይ በተሳሳተ መንገድ በሚጻፍ አንድ ቁጥር ነው። እሱን 2ኛው ላይ በደንብ እነግርሃለሁ።

1. ካሊበሩ። ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። ሲቆም ግርማው ያስደነግጣል፤ ቢሆንም አጋዘን ነው፣ ቆዳውም የጎድን አጥንቱም የጎሽ አይደለም። .375 በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን ዝቅተኛው የተፈቀደ ካሊበር ነው፤ ወሬው የመጣው ከዚያ ነው። .30-06 ባለ 180 ግሬን (12 ግራም የማይሞላ) አረሩን በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ያስወጣል፤ ጉልበቱ አፈሙዙ ላይ ወደ 3,900 ጁል ነው። .375ቱ በ300 ግሬን አረር ወደ 5,700 ይደርሳል። አጋዘኑ ልዩነቱን አያውቀውም፤ የአጎትህ ትከሻ ግን ያውቀዋል፤ የመልስ ምቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

«እሺ .300 ዊንቸስተር ማግነምስ?» የሚል አይጠፋም። ሁለቱንም 200 ሜትር ላይ ልክ እንዲመቱ አስተካክለህ 300 ሜትር ላይ ብትተኩስ፣ ማግነሙ ከ.30-06 የሚበልጠው አራት አምስት ሴንቲሜትር ያህል ትንሽ በመውደቁ ነው። ለሁለት ሦስት ጣት ብሎ ትከሻን ማስደብደብ ምን ይሉታል? ትከሻው የተመታ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ቃታውን መንጠቅ ይጀምራል። ይህ ልማድ መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው። በተፈቀደ የተኩስ መለማመጃ ላይ ጠመንጃውን አንተ ተቀበላቸው፤ አንዴ ጥይት አጉርስ፣ አንዴ ባዶውን ዝጋ፤ የቱ እንደሆነ ሳትነግር ስጣቸው። ባዶው ላይ ቃታ ሲስቡ አፈሙዙ ዝቅ ካለ ችግሩ ተገኘ። ያኔ በባዶ ጠመንጃ ቃታ መሳብ ይለማመዱ እንጂ ሌላ ጠመንጃ አይሸምቱ።

ከካሊበሩ ይልቅ ገንዘባቸውን አረሩ ላይ ያውጡ። ሙሉ መዳብ የሆነውን ወይም እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀውን የአደን አረር ይግዙ፤ አጥንት ቢያገኝም ሳይበታተን ሰፍቶ ያልፋል። የወታደር ጥይት ግን፣ ዙሪያውን በልባስ የተሸፈነው፣ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ይወጣል፤ እንስሳው ቆስሎ ገደል ይገባና ፈቃዱ ተቃጠለ። የቆሰለም ቢሆን እንደታደነ ነው የሚቆጠረው።

2. ወረቀቱ። እዚህ ላይ ልብ በል። የጠመንጃ ማስገቢያ ፈቃዱን የአደን ድርጅቱ አስቀድሞ ነው የሚያስጨርሰው፤ የጠመንጃው ሥሪት፣ ካሊበሩና መለያ ቁጥሩ ይጻፋል። ካሊበር የሚለው ቦታ ላይ ቅጹን የሚሞላው ሰው ምን ብሎ ይሞላል? «7.62 ሚ.ሜ»። ለምን ሲባል «ያው ነው» ይላል፤ ቀና ብሎም አያይህም።

ያው አይደለም! 7.62 የአፈሙዙ ውስጥ ስፋት መጠሪያ ነው፤ ስለ ጥይቱ ምንም አይነግርህም። ክላሹ 7.62 በ39 ነው። .308 ዊንቸስተር 7.62 በ51 ነው፤ ምንም እንኳ ከወታደሩ ጥይት ጋር ልኩ አንድ ቢመስልም ለአደን የተሠራው ለብቻው ነው። የድራጉኖቩ 7.62 በ54 ሆኖ ግርጌው ከንፈር አለው። የአጎትህ .30-06 ደግሞ 7.62 በ63 ነው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው ርዝመት በሚሊሜትር ነው፤ ጠመንጃውና ጥይቱ የሚተዋወቁት በእሱ ነው። ወረቀቱ 7.62 ብቻ ብሎ የጥይቱ ሳጥን .30-06 ካለ፣ ኤርፖርት ላይ የሚያመሳክረው ሰው «ካሊበሩ አይመሳሰልም» ብሎ ጠመንጃውን ያስቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር እሱ ላይ አልፈርድም፤ የተጻፈለትን ነው የሚያነበው። የሚያናድደው «ያው ነው» ያለው ሰውዬ ነው። የማስተካከያ ደብዳቤ እስኪጻፍ የአደኑ ቀን ይቆጥራል፤ የካምፑ፣ የመኪናው፣ የአደን መሪው ሂሳብ አይቆምም።

ስለዚህ ፈቃዱ ሲወጣ ፎቶውን አስልክና አንተው አንብበው። «.30-06 ስፕሪንግፊልድ (7.62 በ63)» ተብሎ ሙሉ ስሙ ይጻፍ። «.30-06» የሚለው ስም በሦስት ቦታ አንድ መሆን አለበት፦ ወረቀቱ ላይ፣ በርሜሉ ላይ በተቀረጸው፣ በቀለሃው ግርጌ ላይ ባለው ጽሑፍ። መለያ ቁጥሩን ጮክ ብለህ አንብበው፤ 0 እና «ኦ» ፊደል፣ 1 እና «አይ» ሁልጊዜ ይምታታሉ። ጥይት በአውሮፕላን ለአንድ ሰው እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ከጠመንጃው ተለይቶ፣ በራሱ ሳጥን፣ በሚጫን ሻንጣ። 60 ፍሬ ከ2 ኪሎ አይበልጥም፤ ይተርፋቸዋል።

የስሙ ጉዳይ የወረቀት ብቻ አይደለም። .308 ጥይት .30-06 ውስጥ ቢጎርስ በ12 ሚሊሜትር ያጥራልና ሊተኮስም ይችላል፤ ቀለሃው ወደፊት ተለጥጦ ይሰነጠቃል፣ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። «ጥይት ካለቀባችሁ እዚህ 7.62 አገኝላችኋለሁ» የሚል ደግ ሰው ከመጣ አመስግነህ ሸኘው። እኛ አገር ምንሽር የሚባለውም ሁሉ አንድ ዓይነት ጥይት አይጎርስም፤ አባቶች የለበኑን ጥይት ከውጅግራው (ሁለቱም የድሮ ጠመንጃዎች ናቸው) ለይተው ዝናር የሚሞሉት በዋዛ አልነበረም።

3. መነጽሩን ማስተካከሉ። በ100 ሜትር ላይ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ ያድርጉት፤ ያኔ 200 ላይ ልክ ይሆናል፣ 300 ላይ ከ20 ሴንቲሜትር ትንሽ በልጦ ይወርዳል። ሦስት ሦስት ጥይት፣ በየመሃሉ በርሜሉ ይቀዝቅዝ። ካምፕ ሲደርሱ ጠመንጃው ከሻንጣ እንደወጣ እንደገና ሦስት ይተኩሱ፤ በጉዞ የመነጽሩ ማሰሪያ ብሎን ይላላል፣ መሪውም ይህን ሳያይ ወደ ተራራ አይወጣም። እኛ የደጋ ሰዎች አየሩ ስስ ነውና ጥይት ይወጣል እንላለን፤ እውነት ነው፣ በዚያ ርቀት ግን አንድ ሁለት ጣት ብቻ ነው። የሚያስተው ቁልቁለቱ ነው። ከገደል አፋፍ በ30 ዲግሪ ወደ ታች 300 ሜትር የሚያህል ርቀት ቢታይህ፣ ጥይቱ የሚወድቀው ለ260 ሜትር እንደሚወድቀው ነው። ለ300 ብለህ ከፍ ካደረግህ ካሰብከው ቦታ ከፍ ብሎ ይመታል።

እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከደረቱ ግርጌ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብለው ይምቱት። ሳንባው ተመትቶም ሃምሳ፣ መቶ ሜትር ሮጦ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። አስታው ከሰው በላይ ነው፤ ጭጋጉ ከወረደ አምስት እርምጃ አያሳይም። የተመታበትን ቦታ ከአንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ጋር አያይዘህ ልብ በል፣ ከዓይንህ አትልቀቀው፤ ሃያ ደቂቃ ጠብቁና መሪው ቀድሞ ይግባ። ከተተኮሰ በኋላ ባዶውን ቀለሃ አንሳና ኪስህ ክተት። የገባው ጥይት፣ የቀረውና የተተኮሰው ድምሩ እንዲገጥም በየቀኑ ማታ ቁጠረው፤ ስትመለሱ ኤርፖርት ላይ ከዚያው የሚያመሳክር ሰው ፊት ነው የምትቆሙት።