«ጥርስ ያጠበችዎት ሴት መዝገብ ላይ የለችም» ተብሎ ክፍያ ሲከለከል

ጥያቄ፦ የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ካንቶን ነው። ከመሠረታዊው የጤና መድን ሌላ የጥርስ ተጨማሪ መድን አለኝ። ውሉ ለጥርስ እጥበት ከማወጣው 75 በመቶውን፣ በዓመት እስከ 300 ፍራንክ ይሸፍናል። ባለፈው ወር የጥርስ እጥበት ብቻ በሚሰጥ ቤት ታጥቤ 190 ፍራንክ ከፈልኩ። ደረሰኙን በላክሁ ጊዜ መድኑ «ሥራውን የሠራችው እውቅና ያላት ባለሙያ አይደለችም» ብሎ ከለከለኝ። እኔ ይህን በምን አውቃለሁ? ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል? ብከራከራቸውስ ውሌን ያቋርጡብኝ ይሆን? ሌላ መድን ልቀይርም እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መሠረታዊውንና ተጨማሪውን መድን የገዙት ከአንድ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ የሚገዟቸው ሕጎች ግን የተለያዩ ናቸው። መሠረታዊው መድን የጥርስ ሕክምናን የሚከፍለው ከባድና ሊከላከሉት በማይቻል የማኘክ አካላት በሽታ፣ ከሌላ ከባድ በሽታ ጋር በተያያዘ ችግር ወይም በአደጋ ምክንያት ሲሆን ነው። ተራ የጥርስ እጥበት እዚያ ውስጥ አይገባም። የእርስዎ ጉዳይ የግል ውል ስለሆነ የሚዳኘው በ1908 በወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ተሻሽሎ በሚሠራበት የመድን ውል ሕግ ነው። ስለዚህ የደረሰዎት ደብዳቤ የአንድ ተዋዋይ ወገን አቋም እንጂ የባለሥልጣን ውሳኔ አይደለም። በመሠረታዊው መድን የሚሰጥ ውሳኔ በ30 ቀን ውስጥ ካልተቃወሙት ይጸናል፤ እዚህ ግን መብትዎ እንዲህ አያልፍም። ይርጋው፣ ማለትም መብትዎን የሚጠይቁበት የጊዜ ገደብ፣ 5 ዓመት ነው።

አሁን ውሉን ያውጡ። ፖሊሲው ላይ የተጻፈውን አይደለም፤ በጀርመንኛ «አ ፋው ቤ» የሚባሉትን ጠቅላላ ሁኔታዎችና የጥርስ መድኑን ልዩ ሁኔታዎች ነው የሚፈልጉት። የሚያገለግለው እትም የትኛው እንደሆነ ፖሊሲው ላይ በወጣበት ዓመት ይጠቀሳል። ድረ ገጽ ላይ ያለው የዘንድሮ እትም የእርስዎ ላይሆን ስለሚችል፣ ከሌለዎት የእርስዎን እትም እንዲልኩልዎት በኢሜይል ይጠይቁ። መልሱ የሚወሰነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም «የጥርስ እጥበት በማን ሲሠራ ይከፈላል?» የሚለው።

ውሉ «የጥርስ እጥበት ወጪ» ብሎ የሠሪውን ማንነት ሳይጠቅስ ካለፈ፣ የእርስዎ ክርክር ጠንካራ ነው። የመድን ውል ሕጉ አንቀጽ 33 መድን ሰጪው አንድን ነገር ከሽፋን ሊያወጣ የሚችለው በማያሻማ ቃል ብቻ ነው ይላል። አሻሚ ቃል ደግሞ በአርቃቂው ላይ ይተረጎማል፤ አርቃቂው መድኑ ነው። ከክፍያ ጥያቄ በኋላ የሚመጣ «የውስጥ መመሪያችን» የሚል ምላሽ የውሉ አካል ስላልሆነ አይገዛዎትም።

ውሉ «በጥርስ ሐኪም ወይም ዲፕሎማ ባላት ዴንታልሂጊኒከሪን (ጥርስ አጣቢ ባለሙያ)» ካለ ነገሩ ይለወጣል። ይህ ሽፋኑ ራሱ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስን ቃል ነው። ሕጉ በአንቀጽ 45 ላይ ያለ ጥፋቱ ግዴታውን ያልፈጸመ ደንበኛ መብቱን አያጣም ማለቱ እውነት ነው፤ ብዙ ሰውም «አላወቅሁም ነበር» ሲል የሚያስበው ይህን ነው። አንቀጹ ግን የሚያገለግለው ደንበኛው ሊያደርጋቸው ለሚገቡ ነገሮች ነው፤ ለምሳሌ በጊዜው ማሳወቅን ለመሰለ ግዴታ። ሽፋኑ በተመዘገበ ባለሙያ የተሠራን ሥራ ብቻ ከሆነ፣ ያልተመዘገበ ሰው የሠራው ከመጀመሪያውም አልተሸፈነም፤ የእርስዎ ቅንነት ያንን አይለውጠውም። ይህ መራራ ቢሆንም ከማይሆን ክርክር ያድንዎታል።

ሦስተኛው ዓይነት «በእኛ እውቅና በተሰጠው ባለሙያ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ዝርዝሩ የት እንደሚገኝ፣ በታጠቡበት ቀን ለደንበኛ ክፍት እንደነበረና መስፈርቱ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። መስፈርቱን የሚያውቀው መድኑ ብቻ ከሆነ ቃሉ ግልጽ ነው ማለት ይከብዳል። እኔ ብሆን ይህን እከራከራለሁ።

ቀጥሎ ያጠበችዎት ሴት ማን እንደሆነች ይጣራ። በስዊዘርላንድ ጥርስ የሚያጥቡ ሰዎች አንድ ዓይነት ስልጠና የላቸውም። «ዴንታልሂጊኒከሪን ሃ ኤፍ» የሦስት ዓመት የከፍተኛ ሙያ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ያላት ናት። «ፕሮፊላክስ አሲስተንቲን» የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆና ተጨማሪ ኮርስ የወሰደችና በጥርስ ሐኪም ኃላፊነት ሥር የምትሠራ ናት፤ ከድድ በታች ያለው ሥራ የእርሷ አይደለም። በውጭ አገር የተማረች ባለሙያ ደግሞ ዲፕሎማዋን የስዊዝ ቀይ መስቀል እንዲያውቅላት ማድረግ አለባት። የሃያ ዓመት ልምድ ቢኖራትም እውቅናው እስኪሰጥ ድረስ ለመድኑ እንደሌለች ናት። ከእኛው ማኅበረሰብ ውስጥም በዚህ መሃል ላይ ያሉ ብርቱ ባለሙያዎች ስላሉ፣ «አልተመዘገበችም» የሚለውን «አትችልም» ብለው አይረዱት።

ማጣሪያው ነጻ ነው። የጥርስ ሐኪሞች «ሜድሬግ» በሚባለው የፌዴራል መዝገብ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ጥርስ አጣቢዎች ደግሞ «ናሬግ» በሚባለው ብሔራዊ የጤና ሙያዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱም በኢንተርኔት በስም ይፈለጋሉ። ናሬግ ላይ ሁለት ነገር ለይተው ይመልከቱ፤ አንደኛው ዲፕሎማው ወይም እውቅናው፣ ሁለተኛው ካንቶኑ በራሷ ስም እንድትሠራ የሰጣት ፈቃድ ነው። የራሷን ቤት የከፈተች አጣቢ በዙሪክ ሁለተኛውም ያስፈልጋታል። በክሊኒክ ተቀጥራ የምትሠራ ግን የራሷ ፈቃድ ባይኖራትም ዲፕሎማዋ ሊበቃ ይችላል። መዝገቡ የሚያሳየው የዛሬውን ሁኔታ ሲሆን ለእርስዎ የሚቆጠረው የታጠቡበት ቀን ነው። ስሟን በትዳር የለወጠች ሴት በቀድሞ ስሟ ልትገኝ ስለምትችል፣ 13 አኃዝ ያለውን «ጌ ኤል ኤን» የሚባል መለያ ቁጥሯን ከክሊኒኩ መጠየቅ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው ደረሰኙ ላይ ነው። የድርጅቱ ስም፣ «የጥርስ እጥበት» የሚል አንድ መስመርና 190 ፍራንክ ብቻ ከተጻፈበት፣ የመድኑ ሠራተኛ ባለሙያዋን መዝገብ ላይ የሚፈልግበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ክሊኒኩ ዝርዝር ያለው የሂሳብ መጠየቂያ እንዲሰጥዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። በውስጡ የታጠቡበት ቀን፣ የሠራችው ሰው ሙሉ ስምና የሙያ መጠሪያ፣ መለያ ቁጥሯ፣ ካለም «ዜድ ኤስ ኤር» የሚባለው፣ ለመድን ሂሳብ የሚያቀርብ ባለሙያ ወይም ክሊኒክ የሚለይበት ቁጥር፣ ኃላፊ የሆነው የጥርስ ሐኪም ስም፣ የታሪፍ ነጥቡ (የሥራው ዋጋ የሚሰላበት መለኪያ) ብዛትና የአንዱ ነጥብ ዋጋ ይኑሩበት። ዲፕሎማ ካላት የዲፕሎማውን ወይም የቀይ መስቀሉን እውቅና ቅጂ ያያይዙ። ይህ ብቻ ተልኮ ክፍያው የሚፈጸምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ክርክር ከመክፈትዎ በፊት ይሞክሩት።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ። ክሊኒኩ «ችግር የለም፣ በሐኪሙ ስም እንጽፍልዎታለን» ካለዎት እምቢ ይበሉ። ያልሠራ ሰው ስም የተጻፈበትን ደረሰኝ እያወቁ ለመድን መላክ ማታለል ነው። በመድን ውል ሕጉ አንቀጽ 40 መሠረት መድኑ ከክፍያ ነጻ ሊወጣና ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ከዚያም በላይ በወንጀል ያስጠይቃል። የወንጀል መዝገብ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ ዜግነት ሲጠየቅ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ለ142 ፍራንክ ከ50 ሳንቲም የሚያዋጣ አይደለም። ይህ ቁጥር የ190ው 75 በመቶ ነው፤ ከመድኑ የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው።

ዝርዝሩ ደረሰኝ ተልኮም መድኑ እምቢ ካለ፣ የትኛውን የውሉን አንቀጽ መሠረት አድርጎ እንደከለከለ በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎት ይጠይቁ። ከዚያ ሉሰርን ለሚገኘው የጤና መድን እንባ ጠባቂ ቢሮ የደብዳቤ ልውውጡንና ውሉን አያይዘው ይላኩ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ያስታርቃል፣ ይመክራል፣ ግን መድኑን ማስገደድ አይችልም፤ ወደዚያ መጻፍም ይርጋውን አያቋርጥም። የመጨረሻው አማራጭ ክስ ነው። በዙሪክ የተጨማሪ ጤና መድን ክርክር በቀጥታ ዊንተርቱር ላለው የማኅበራዊ መድን ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሥነ ሥርዓቱ ቀላል ነው፣ የፍርድ ቤት ክፍያም የለም። ጠበቃ ከቀጠሩ ግን የእሱ ክፍያ ከጠየቁት ገንዘብ ይበልጣል። የሕግ ወጪ መድን ከሌለዎት በስተቀር አቤቱታውን ራስዎ ይጻፉት።

ውሉ በእርግጥ ዲፕሎማ ያላትን ባለሙያ የሚጠይቅ ከሆነና እርሷ ዲፕሎማ ከሌላት፣ ፊትዎን ወደ ክሊኒኩ ያዙሩ። በመስኮቱ ወይም በማስታወቂያው ላይ ዲፕሎማ ባላቸው ባለሙያዎች እንደሚሠራ ወይም መድን እንደሚከፍል ጽፎ ነበር? የሌለን የሙያ መጠሪያ መጠቀም በሐቀኛ ያልሆነ ውድድር ሕግ የተከለከለ ነው። ሐኪም ሕክምናው በመድን እንደማይሸፈን ሲያውቅ ወይም ሲጠራጠር ለታካሚው መንገር እንዳለበትም የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ወስኗል። ይህ ግዴታ ጥርስ ብቻ የሚያጥብ ቤትን ይመለከታል ብዬ እከራከራለሁ፤ በተለይ ቀጠሮ ሲይዙ ስለ መድን ጠይቀው ከነበረ። የሚጠይቁት 142.50 ፍራንኩን እንጂ 190ውን ሙሉ አይሁን፤ እጥበቱ በደንብ ከተሠራ አገልግሎቱን አግኝተዋል፣ ቀሪውንም ከኪስዎ መክፈልዎ አይቀርም ነበር። የማስታወቂያውን ፎቶና የቀጠሮውን መልእክት ያስቀምጡ። ክሊኒኩ ደብዳቤ ተጽፎለትም ካልከፈለ የአካባቢው የዕርቅ ዳኛ ዘንድ ይሂዱ፤ እስከ 2,000 ፍራንክ ለሚደርስ ጉዳይ በከሳሹ ጥያቄ ራሱ ሊወስን ይችላል።

ውሉ ይቋረጥብኛል ወይ ላሉት፣ አይቋረጥም። ከ2022 ጀምሮ ለማኅበራዊ ጤና መድን ተጨማሪ በሆነ ውል መደበኛውን የማቋረጥ መብትም ሆነ ክፍያ በተጠየቀ ጊዜ የሚነሳውን የማቋረጥ መብት የያዘው ደንበኛው ብቻ ነው። መድኑ ሊወጣ የሚችለው እንደ ማታለል ባሉ ልዩ ምክንያቶች ነው።

መድን ስለመቀየር ግን ቸኩለው አይሰርዙ። መሠረታዊውን መድን ማንም ድርጅት ሊከለክልዎት አይችልም፤ ተጨማሪውን ግን አዲሱ ድርጅት የጤና ጥያቄ ጠይቆ እምቢ ማለት ወይም አንዳንድ ጥርሶችን ከሽፋን ማውጣት ይችላል። መጀመሪያ ከአዲሱ የተፈረመ መቀበያ ይያዙ፣ የጥበቃ ጊዜ (ክፍያ ከመጀመሩ በፊት የሚጠበቅ ጊዜ) እንዳለው ያንብቡ፣ «ጥርስ እጥበት በማን» የሚለውንም ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ፤ የድሮውን የሚሰርዙት ከዚያ በኋላ ነው።