መሪው ዘይት ሲያፈስ፦ የአሮጌ መኪና ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ስለ አሮጌ መኪና ፓወር ስተሪንግ፣ ማለትም መሪውን በዘይት ግፊት ስለሚያቀልለው ክፍል፣ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጎረፋችሁብኝ። ግማሹ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «መሪው ዘይት ያፈሳል፣ ራኩ ይቀየር ተባልኩ፣ ልቀይር?» ከሱ ልጀምር። ራክ የምንለው የመሪውን መዞር ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያደርሰው፣ ታች የተጋደመው ክፍል ነው፤ ፖምፓው ዘይቱን በቱቦ እየገፋ ይልክለታል። ሌላውን እንደመጣ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እዚሁ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው። እ.ኤ.አ. የ1996 ኮሮላ አለኝ። የመሪ ዘይት በየሳምንቱ እጨምራለሁ። ሦስት መካኒክ አይቶታል። ሁለቱ ራኩ ነው አሉ፣ አንዱ ቱቦው ነው አለ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ማንንም ከማመንህ በፊት ዘይቱን ተከተል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ ስትነዳ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ራኩ ያለው ከሞተሩ በስተኋላ፣ ታች ነው። ከፖምፓውም ይፍሰስ ከቱቦው፣ ዞሮ ዞሮ የሚንጠባጠበው ራኩ ላይ ነው። መኪናው ስር ገብቶ ቀና ያለ ሰው ራኩን በዘይት ርሶ ያገኘዋል። ፍርዱም እዚያው ያልቃል። ስንት ደህና ራክ እንዲህ ተፈቶ ወድቋል መሰለህ።

እንዲህ አድርግ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፖምፓውን፣ ሁለቱን ቱቦዎችና ራኩን በብሩሽና በነጭ ጋዝ እጠባቸው። በጨርቅ ጥረግና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተወው፤ ነጭ ጋዝ እያለበት ሞተር እንዳታስነሳ። ከዚያ የሕፃን ፓውደር ግዛና ቱቦዎቹ ላይ፣ መገጣጠሚያዎቹ ላይ፣ ራኩ ላይ በስሱ ንፋበት። ሞተሩን አስነሳና አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያዙርልህ። አንተ በባትሪ እይ። እጅህንና ልብስህን ግን ፖምፓውን ከሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) አርቅ። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ፓውደር ላይ ቀይ መስመር ይወርዳል። መስመሩን ወደ ላይ ተከተለው። የሚጀምርበት ቦታ ነው የታመመው።

ዓይንህን ሦስት ቦታ ላይ አሳርፍ። አንደኛው የከፍተኛ ግፊት ቱቦው ላይ፣ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር ተጨፍልቆ የተያያዘበት ነው። ሁለተኛው የመሪው ዘንግ ራኩ ውስጥ የሚገባበት ነው። ሦስተኛው በራኩ ግራና ቀኝ ያለው የተሸበሸበው የላስቲክ ሽፋን ነው። የሽፋኑን ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) ትንሽ አላላና በጣትህ ጨመቅ አድርገው። ግራሶ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። ቀጭን ዘይት ከፈሰሰ ግን የውስጡ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎሚኒ) አልቋል። ያኔ ራኩ ይውረድ፣ ክርክር የለውም።

እኔ እንደማየው ቱቦው ቀድሞ የሚያልቅበት መኪና ብዙ ነው። ዋጋውም ከራኩ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ቱቦው የተቀደደው መሃሉ ላይ ነው። ቆርጬ ሌላ ላስቲክ በፋሸታ ባስርበትስ?

መልስ፦ የትኛው ቱቦ? ሁለት ናቸው። ዘይቱን ከራኩ ወደ ዘይት ዕቃው የሚመልሰው ቱቦ ግፊቱ ትንሽ ነው። ዘይት በሚችል ላስቲክና በጥሩ ፋሸታ መቀየር ትችላለህ። የራዲያተር ቱቦ ግን አታስገባበት፤ ዘይት ሲነካው ያብጥና እንደ ሊጥ ይለሰልሳል።

ከፖምፓው ወደ ራኩ የሚሄደው ሌላ ነገር ነው። የጎማህ አየር 2 ባር አካባቢ ነው። እዚህ ቱቦ ውስጥ መሪው ጥግ ሲደርስ 70 ባርና ከዚያ በላይ ይሆናል። ፋሸታ ይህን አይችልም። ሲፈነዳ ዘይቱ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ይረጫል፤ እሳት ይነሳል። አዲስ ግዛ። ካላገኘህ ለትራክተርና ለሎደር የሃይድሮሊክ ቱቦ በማሽን የሚጨፈልቁ ባለሙያዎች አሉ። የድሮውን ቱቦ ከነብረቱ ይዘህ ሂድ። በዚያው ርዝመት፣ የሞቀ ዘይት በሚችል ቱቦ ይሥሩልህ። ካጠረ ሞተሩ ሲወዛወዝ ይጎትተዋል። ከረዘመ የጭስ ማውጫውን ይነካል።

ጥያቄ፦ የኔ ቪትዝ ናት። መሪዋ በድንገት ከበደ። የመሪ ዘይት መሙያው የት ነው? ኮፈኑን ከፍቼ ብፈልግ አጣሁት።

መልስ፦ አታገኚውም እህቴ፣ አብዛኛው ቪትዝ የመሪ ዘይት የለውም። መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ባትሪው ደክሞ እንደሆነ፣ ፊውዝ ተቃጥሎ እንደሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ መብራት በርቶ እንደሆነ አሳዪ። «ዘይት ጎድሎ ነው» የሚልሽ ሰው ካለ ሌላ ጋራዥ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ደባርቅ ነኝ። ላንድክሩዘር ሰባ ነው። የራክ ዋጋ ንገሩኝ።

መልስ፦ ሰባው ራክ የለውም። የመሪ ሳጥን ነው ያለው። አሮጌው ሃይሉክስም እንደዚሁ ነው፤ ራክ የገባለት ቪጎ ከሚባለው ጀምሮ ነው። ስለ ቱቦና ስለ ዘይት የምለው ግን ላንተም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የመሪ ዘይት ሲያልቅብኝ ፍሬን ዘይት ጨመርኩ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አሁኑኑ አስወጣው፣ ሞተሩንም አታስነሳ። የፍሬን ዘይት ለፍሬን ጎሚኒ የተሠራ ነው፤ የመሪውን ኦይል ሲል ያሳብጠዋል። አሮጌ ቶዮታ የሚወስደው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፦ ዴክስሮን 2 ወይም 3። ሆንዳ ደግሞ የራሱ የመሪ ዘይት አለው፤ የካምቢዮ ዘይት አትስጠው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ራኩ እንደሆነ አረጋግጫለሁ፤ ከላስቲክ ሽፋኑ ዘይት ወረደ። አሁን ያገለገለ ልግዛ፣ ኦይል ሲሉን ላስቀይር፣ ወይስ አዲስ?

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውን መጠገን ግድ ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ኦይል ሲል ማስቀየሩን እንይ። የሚያዋጣው የራኩ ዘንግ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው። ሽፋኑን ግለጠውና ዘንጉን ጠርገህ በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህን የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲሱን ጎሚኒ በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ሌላም ምልክት አለ። መሪው ጠዋት ከብዶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚቀልል ከሆነ፣ ዘይቱን ግራና ቀኝ የሚከፍለው ቫልቭ ቤቱን ቦርቡሮታል። ያን ጎሚኒ አያድነውም።

ያገለገለ ስትገዛ ትልቁ ወጥመድ የመሪው ጎን ነው። የኛ መኪና መሪው በግራ ነው። ከጃፓን አገር ውስጥ መኪና የተፈታ ራክ መሪው በቀኝ ነው፤ የመስታወት ግልባጭ ማለት ነው፣ አይገጥምም። የራስህን ፎቶ አንስተህ ሂድ። የመሪው ዘንግ የሚገባበት በየት በኩል እንደሆነና የቱቦዎቹ ቀዳዳ ወዴት እንደሚያይ አመሳክር። ከዚያ በእጅህ ከጥግ እስከ ጥግ አዙረው። መሃል ላይ የሚላላ፣ ጥግ ላይ የሚይዝ ከሆነ ተወው።

የኔ ምርጫ? ዘንጉ ንጹሕ ከሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ኦይል ሲሉን ይቀይርልህ። ካልሆነ አዲስ። ያገለገለ ራክ ሦስተኛ ምርጫዬ ነው፤ ምን ያህል እንደሠራ የሚነግርህ የለም።

ጥያቄ፦ ራሴ ልፈታው ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ብሎኖቹን መፍታቱ አያስቸግርህም። ሰው የሚዘነጋውን ልንገርህ።

መሪውን ቀጥ አድርገህ ከመቀመጫው ጋር እሰረው። ራኩ ከወረደ በኋላ መሪው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ከመሪው ስር የተጠመጠመ ገመድ አለ፤ ከልኩ በላይ ከዞረ ይበጠሳል። የመሪው ዘንግና ራኩ የሚገናኙበት ላይ በቀለም ምልክት አድርግ። አዲሱን ራክ ከጥግ እስከ ጥግ አዙረህ ዙሩን ቁጠር፣ ግማሹ ላይ አቁመህ ግጠመው።

ታይሮዱን (ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ከመፍታትህ በፊት ስንት ጥርስ እንደገባ ቁጠርና ጻፈው። የቱቦውን ዳዶ በዋዜማው ዝገት ማላቀቂያ አጠጣው። በተራ ቁልፍ ብትታገለው ጠርዙ ይላጫል። ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ የቱቦ ቁልፍ ፈልግ፣ ተዋስም ቢሆን። የመዳብ ሮንዴላ ካለው አሮጌውን አትመልስ። አዲሱን ቱቦ መጀመሪያ በጣትህ ጥርሱን አስይዝ፤ ቁልፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥርሱ ከተዛባ አዲሱ ራክ ሳይሠራ ተበላሸ።

ክሪክ ላይ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ስር ደግሞ አትግባ። የብረት መደገፊያ አድርግ፣ መኪናውንም ሜዳ ቦታ ላይ አቁም። ጎንደር ውስጥ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ራክና ቱቦ አስቀየርኩ። አሁን መሪውን ሳዞር ያጓራል። ዘይቱም አረፋ ሆኗል። አጭበረበሩኝ እንዴ?

መልስ፦ አትቸኩል። አየር ነው። ጋራዡ ቸኩሎ አየሩን ሳያስወጣ ሰጥቶሃል።

ሞተሩን አጥፋና አረፋው እስኪጠፋ ጠብቅ። የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ይሁኑ። ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሙላ። ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ቀስ እያልክ ከጥግ እስከ ጥግ አመላልስ፤ ሃያ ጊዜ ቢሆን አይበዛም። ዘይቱ ሲወርድ ጨምር፣ ባዶ እንዳይሆን ብቻ። ክዳኑ ክፍት ስለሆነ አረፋው ሲወጣ ታየዋለህ፤ መጀመሪያ ትልልቅ፣ ኋላ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክል። አረፋው ሲቆም ሞተሩን አስነሳ። በሚኒሞ እንዲሁ አመላልስ፣ ነዳጅ አትስጥ። ጥግ ላይ ደግሞ ይዘህ አትቆይ፤ ከአምስት ሰከንድ በላይ ፖምፓውን ታቃጥለዋለህ።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ አየሩ አልወጣም ማለት ነው። አሳድረው፣ ጠዋት ድገመው። ይህን ሁሉ አድርገህ ካጓራ የመመለሻ ቱቦውንና ከዘይት ዕቃው ወደ ፖምፓው የሚወርደውን ቱቦ ፋሸታ እይ። የላላ ፋሸታ ዘይት ሳያፈስ አየር ሊስብ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ መኪናዋም እንደኔው። ራክ ከተቀየረ ወዲህ ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ወደ ግራ ያጋድላል። ልማድ ነው ብለው መለሱኝ።

መልስ፦ ልማድ አይደለም ጌታዬ። አላይመንት አልተሠራላትም። ራክ ሲወርድ የጎማው አቅጣጫ መነካቱ አይቀርም፤ ጥርሱን ቢቆጥሩትም። መሪውን ነቅለው ቀና አድርገው ሊመልሱልዎት ቢሞክሩ እምቢ ይበሉ። የሚስተካከለው ታች፣ ታይሮዱ ላይ ነው። ካልተስተካከለ የጎማዎቹ ጠርዝ ተበልቶ ያልቃል። የኛ ኮብልስቶን ደግሞ አያግዝም።

ጥያቄ፦ ማፍሰሻ ማቆሚያ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠውስ?

መልስ፦ የደረቀ ጎሚኒን ለጊዜው ያለሰልሳል። የተቀደደ ቱቦ አይደፍንም። መኪናውን እስክትሸጥ ከሆነ ያሰብከው፣ ለገዢው ንገረው።

ጥያቄ፦ ዘይቱ ጨርሶ አልቋል። ነገ መተማ መውረድ አለብኝ። መሪው ቢከብድም ይዞራል፤ ልሂድ?

መልስ፦ መዞሩን ይዞራል፤ መሪውና ጎማው በብረት የተያያዙ ናቸው። ችግሩ ፖምፓው ነው። ዘይት ከሌለው ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ብናኙም ኋላ አዲስ ራክ ውስጥ ይገባል። የፖምፓው ቺንጋ ለብቻው ከሆነ አውጣው። ያው ቺንጋ ዲናሞውን ወይም የውሃ ፖምፓውን የሚያዞር ከሆነ እንዳትነካው፣ መኪናውም ይቁም። ያም ሆኖ ቺንጋውን አውጥተህ መሄድ እስከ ጋራዥ ድረስ ነው። ለመተማ ቁልቁለት አውቶቡስ ተሳፈር።

ጥያቄ፦ ራኩ ሲቀየር ፖምፓውም አብሮ ይቀየር ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የወጣውን ዘይት ነጭ ሳህን ላይ አፍስስና ማግኔት አስገባበት። ማግኔቱ ላይ የብረት ብናኝ ከተጣበቀ ወይም ዘይቱ በብርሃን ሲታይ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ፖምፓው እየተበላ ነው፣ ይቀየር። ጠቁሮ ብቻ ከሆነ አርጅቷል እንጂ ፖምፓው ጥፋተኛ አይደለም። ያኔ የዘይት ዕቃውን አውጥተህ እጠብ፤ ታቹ ላይ ትንሽ ወንፊት ያላቸው አሉ፣ እሱ ከተደፈነ ፖምፓው ይጮኻል። ከዚያ የመመለሻ ቱቦውን ከዕቃው ነቅለህ ጫፉን ጀሪካን ውስጥ አድርግ፣ የተነቀለበትን አፍም ድፈነው። ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን እያመላለስክ ከላይ አዲስ ዘይት ጨምር። የሚወጣው ንጹሕ ቀይ እስኪሆን ድረስ ቀጥል፣ ከዚያ ቱቦውን መልሰህ ግጠም። አንድ ሊትር ብቻ ገዝተህ አትጀምር፣ አይበቃህም።