«የሚመራ ሞገድ» ማንን ይመራል?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በማዘጋጀው ማስታወሻ፣ በቱቦ ውስጥ፣ በብረት ሰሌዳ ወይም በብርሃን ገመድ (ፋይበር ኦፕቲክ) ታጥሮ የሚጓዘውን ሞገድ አንድ ቦታ «የሚመራ ሞገድ»፣ ሌላ ቦታ «የተመራ ሞገድ» ብየዋለሁ። ባልደረባዬ ደግሞ «የቦይ ሞገድ» ይበሉት ይለኛል። የትኛውን ልያዝ? በሰሌዳ የሚጓዙት ሞገዶች የሚጠሩበትን የሳይንቲስቱን የላምን ስምስ እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ እርስዎ ባሉበት በጎጃም የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ፣ አንድ ቃል ጠብቆ ሲነበብ ሌላ፣ ላልቶ ሲነበብ ሌላ እንደሚሆን ያውቃል። ባለቅኔው ኅብሩን የሚያበጀው በዚሁ ነው። ለፊዚክስ ማስታወሻ ግን ይህ ሀብት ዕዳ ነው። «የሚመራ» ውስጥ «መ» እና «ራ» ላልተው ከተነበቡ ቃሉ አድራጊ ይሆናል፤ «ጦሩን የሚመራ መኮንን» እንደምንለው። ሁለቱም ከጠበቁ ተደራጊ ነው፤ «በኮሚቴ የሚመራ ማኅበር» እንደማለት። ፊደላችን ልዩነቱን ስለማያሳይ፣ ርዕስ ላይ ብቻውን የቆመ «የሚመራ ሞገድ» መሪው ይሁን ተመሪው አይታወቅም።

ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ችግሩ ይቃለላል። «ቱቦው የሚመራው ሞገድ» ካሉ የሚመራው ቱቦው ነው፤ «በቱቦው የሚመራ ሞገድ» ካሉም አንባቢው አጥብቆ ከማንበብ ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ መሪው አጠገቡ በተጠቀሰበት ሁሉ «የሚመራ» ይጻፉ፤ አልቃወምም።

«የተመራ»ን ግን አልወደውም። አንደኛ፣ ነገሩ አልቆ ያደረ ያስመስለዋል፤ ሞገዱ እኮ እየተጓዘ ነው። ሁለተኛ፣ ቃሉ ቢሮ ቢሮ ይሸታል፤ ማመልከቻ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል፣ ሰውም ቦታ ይመራል። «የተመራ ሞገድ» ሲባል የምሪት ደብዳቤ የያዘ ሞገድ ይመስለኛል።

የባልደረባዎ «የቦይ ሞገድ» ከሁሉም ይልቅ አገርኛ ነው፤ በኮጋ መስኖ አካባቢ ላደገ ተማሪ ቦይ ማስረዳት አያስፈልግም። ታሪክም በከፊል ይደግፈዋል። በ1834 ጆን ስኮት ራስል የተባለ መሐንዲስ በስኮትላንድ በአንድ የጀልባ ቦይ ላይ ብቻዋን የምትጓዝ የውኃ ጉብታ አይቶ በፈረስ ተከትሏታል፤ ያቺ ጉብታ በእርግጥ ቦይ የመራት ሞገድ ነበረች። ይሁን እንጂ በመስኖ ቦይ የሚሄደው ውኃው ራሱ ነው፤ በሞገድ የሚሄደው ጉልበቱ እንጂ ቁሱ አይደለም። ተማሪው ይህን እንዲያምታታ ምክንያት የሚሆን ስም ባይሰጡት ይሻላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ «በቱቦ ውስጥ» አንድ ነገር ልበል። የቱቦ ዝገት ለመፈለግ የሚላከው ሞገድ በክፍቱ መሐል ሳይሆን በብረቱ ግድግዳ ነው የሚጓዘው። መሣሪያው እንደ ቀለበት በቱቦው ዙሪያ ይታሰርና በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይለቅቃል። ድምፁ ከግድግዳው ውጭና ውስጥ ፊት እየነጠረ፣ ሳይበተን፣ በግራና በቀኝ ብዙ አሥር ሜትሮች ይሄዳል፤ ብረቱ የሳሳበት ቦታ ሲደርስ ከፊሉ ይመለሳል። የተመለሰበት ጊዜ ተለክቶ ቱቦው ሳይቆፈር ዝገቱ ያለበት ቦታ ይታወቃል። እንግዲህ «በቱቦው ግድግዳ» ይበሉ፤ «ውስጥ» ውኃውን ያስታውሳል። በብርሃን ገመድ ግን «ውስጥ» ትክክል ነው፤ ብርሃኑ የሚጓዘው ዘጠኝ ማይክሮ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የመስታወት እምብርት ነው። ቻርልስ ካኦ በ1966 መስታወቱ ከጠራ ብርሃን ሩቅ እንደሚሄድ አሳይቶ በ2009 የኖቤል ሽልማት የተካፈለበት ሥራ ይህ ነው። ዛሬ ጥሩ ገመድ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ከገባው ብርሃን 95 በመቶ ገደማውን ያደርሳል።

የእኔ ምርጫ «ተመሪ ሞገድ» ነው። «መሪና ተመሪ» በአማርኛ የኖረ ጥምረት ስለሆነ ማንም አይሳሳተውም፣ ጠበቀ ላላ የሚያሰኝም የለውም። የሚመራውን ነገር ደግሞ «ሞገድ መሪ» ይበሉት፤ ቅደም ተከተሉን እንዳይገለብጡት፣ «መሪ ሞገድ» ከፊት የሚሄድ ሞገድ ነውና። አንድ አደጋ ብቻ አለው፦ ጸሐፊዎ «መ»ን «ማ» ካደረገው «ተማሪ ሞገድ» ይሆናል። ከማተምዎ በፊት ደጋግመው ያንብቡት።

የላም ነገር ያስቃል። ሆራስ ላም በቀጭን ሰሌዳ የሚጓዙትን ሞገዶች በ1917 በሒሳብ የተነተነ እንግሊዛዊ ነው፤ ፍጥነታቸው በድምፁ ድግግሞሽና በሰሌዳው ውፍረት ብዜት የሚወሰን መሆኑ ዋና ጠባያቸው ነው። «የላም ሞገድ» ብለው ቢጽፉ ግን ተማሪዎ ወተት የምታለበውን ያስባል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ የሚታየውን፣ በንግግር ግን የሚዋጠውን የመጨረሻ ድምፅ ጨምረው «ላምብ» ቢሉት ደግሞ ከመብራት ላምባ ጋር ይጎራበታል፤ አነባበቡም ይበላሻል። ስለዚህ «ላም»ን ይያዙና የመጀመሪያ ስሙን አይለዩት፤ በየቦታው «የሆራስ ላም ሞገድ» ብለው ይጻፉ።